34 ውስጥ ያለው 3 ስንት ነው? አንድ ቤትና አስር ቤትን ለልጅ ማስተማሪያ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ልጄ እስከ መቶ ይቆጥራል። ቁጥርም ይጽፋል። ግን 34 ላይ ያለው 3 ስንት ነው ስለው ‹ሶስት› ይለኛል። አስር ቤት ነው እኮ ስለው ‹እሺ› ይላል። በነጋታው ያው ሶስት ነው።» እናትም አባትም አስጠኚም የሚጠይቁኝ ይሄንኑ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከመድገም አንዴ ልጻፈውና ይለይለት።

ዋናውን ከፊት ላስቀምጠው። አንድ ቤት፣ አስር ቤት የሚለው ሰንጠረዥ መጀመሪያ አይመጣም። መጀመሪያ ልጁ አስር ነገር ቆጥሮ፣ በገዛ እጁ አስሮ፣ «ይሄ አንድ እስር ነው፤ ውስጡ አስር አለ» ማለት አለበት። አንዱን ነገር «አንድ»ም «አስር»ም ብሎ ማየት ለእኛ ምንም አይደለም። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን ትልቅ ሥራ ነው። ሰንጠረዡ ላይ የሚደናገሩት አብዛኞቹ ልጆች ይቺን ሳይጨርሱ ያለፉ ናቸው።

መመሪያው ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ይሆናል። በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ሁሉንም ደረጃ በአንድ ቅዳሜ ለመጨረስ አትሞክሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ብቻቸውን ሁለት ሳምንት ቢፈጁ ምንም አይደል።

መጀመሪያ ይሄን አረጋግጡ

ሃያ ያህል ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ በትኑና «ቁጠርልኝ» በሉት። አንድ ቆርኪ ሲነካ አንድ ቁጥር ብቻ ይጠራል? የዘለለው ወይም ሁለቴ የቆጠረው አለ? ሲጨርስ «እና ስንት ናቸው?» በሉት። የመጨረሻውን ቁጥር ከነገራችሁ ዝግጁ ነው። እንደገና «አንድ፣ ሁለት…» ብሎ ከጀመረ ገና ነው። ለጊዜው ሽንኩርት፣ ማንኪያ፣ የደረጃ መርገጫ፣ ያገኘውን ሁሉ ይቁጠር። አስር ቤት የትም አይሄድም።

«እስከ መቶ ይቆጥራል» የሚለው ብዙም አይነግረንም። እስከ መቶ መጥራት በቃል ይሸመደዳል። ዕቃ መቁጠር ሌላ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስቲኪኒ ወይም በእኩል የተቆራረጠ ስትሮ። ለመጀመሪያው 100 ይበቃል፤ መቶ ቤት ስትደርሱ 300 ያህል ያስፈልጋል።
- ብር የሚታሰርበት ዓይነት ቀጭን ላስቲክ፣ 30 ያህል።
- ትናንሽ ፌስታሎች፣ ሦስት ወይም አራት።
- ነጭ ወረቀት፣ ማርከር፣ ማስመሪያ፣ መቀስ።
- ለካርድ የሚሆን ካርቶን። የብስኩት ወይም የጫማ ካርቶን ይሆናል።
- የሉዶ ዳይስ። ከሌለ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ስድስት ብጣሽ ወረቀቶች፣ እያጠፋችሁ የምታወጡት ዕጣ።
- ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር።
- በኋላ ላይ፦ ባለ 1 ብር ሳንቲሞች፣ ባለ 10 እና ባለ 100 ብር ኖቶች።

ባቄላ ወይም ቆርኪ ለምን አልሆነም? ለመቁጠር ይሆናል። ለማሰር ግን አይመችም። የምንፈልገው የሚታሰር፣ ታስሮም ውስጡ የሚታይ፣ ሲፈታ ደግሞ ተመልሶ አስር የሚሆን ነገር ነው። ስቲኪኒ ሦስቱንም ያሟላል። እቤት ያለው ባቄላ ብቻ ከሆነ አስር አስሩን በስኒ እያደረጋችሁ ሥሩ። አንድ ስኒ እንደ አንድ እስር ይቆጠራል።

ማስጠንቀቂያ

የስቲኪኒ ጫፍ ዓይን ይወጋል። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱንም ጫፍ በመቀስ ቁረጡት፤ ወይም ስትሮ ተጠቀሙ። ባቄላና ሽምብራ ላይ ደግሞ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ልጆች አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቱታል፤ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፤ ለማውጣትም ያስቸግራል። ከገባ በጣታችሁ አትቆፍሩ፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ካለ ዕቃው ሁሉ ተለቅሞ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ላስቲኩንም ጣቱ ላይ ጠምጥሞ እንዳይረሳው።

ደረጃ 1፦ ክምሩን ቆጥሮ ይጥፋበት

34 ስቲኪኒ ከምሩ። ቁጥሩን አትንገሩት። «ስንት ይመስልሃል?» በሉት። የፈለገውን ይገምት፤ አታርሙት። ከዚያ አንድ በአንድ ይቁጠር።

ሃያዎቹ አካባቢ ሲደርስ አቋርጡት። «ራት ምን ይሠራ?» ወይም «ጫማህን የት አደረግኸው?» በሉት። መልሶ ሲመጣ ጠፍቶበታል። ይናደዳል። «እንደገና ልጀምር?» ይላል። ያኔ፦ «እየቆጠርክ አስር በሞላ ቁጥር ለብቻ ብታደርገውስ?» በሉት። በሁለተኛው ዙር ስታቋርጡት የሚጠፋበት የያዛት አንዷ ክምር ብቻ ናት። የቀሩት በቦታቸው አሉ።

ይሄ ተንኮል ቢመስልም ጥቅም አለው። ልጁ በአስር መመደብ ለምን እንደሚረዳ ራሱ ያየዋል። አስተማሪ ስላለው ብቻ የሚያስር ልጅ አስተማሪው ዞር ሲል ይተወዋል።

ደረጃ 2፦ አስር ሲሞላ ይታሰር

አሁን ላስቲኩን ስጡት። ሕጉ አንድ ነው፦ አስር ከሞላ ይታሰራል። ዘጠኝ ከሆነ አይታሰርም፤ አስራ አንድ ከሆነም አንዱ ይወጣል።

የሚያስረው ልጁ ነው። እጁ ቢንቀረፈፍም፣ ላስቲኩ ቢፈናጠርም አትቀሙት። እናንተ አስራችሁ የሰጣችሁት እስር ለእሱ «አንድ ወፍራም እንጨት» ነው። ራሱ ቆጥሮ ያሰረው ግን አስር መሆኑን ያውቃል። አንዳንድ ልጅ ካሰረ በኋላም ይጠራጠርና ፈቶ እንደገና ይቆጥራል። ይቁጠር። «አሁን ቆጠርከው እኮ!» አትበሉት። ሦስት አራቴ ካረጋገጠ በኋላ በራሱ ይተወዋል። መፍታት ሲተው ገባው ማለት ነው።

34ቱን ሲጨርስ ፊቱ ላይ ሦስት እስርና አራት ነጠላ ይኖራል። በሁለት መንገድ ያንብበው፦

«ሶስት እስር፣ አራት ነጠላ።»
«አስር፣ ሃያ፣ ሠላሳ… ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሶስት፣ ሠላሳ አራት።»

ሁለቱንም በየቀኑ ይበል። ከአስራ አንድ እስከ አስራ ዘጠኝ ያለው ስም ራሱ ይናገራል፤ አስር መጀመሪያ፣ ትርፉ ቀጥሎ። ከሃያ በኋላ ግን ስሙ ውስጥ አስር አይሰማም። «ሃያ» ሁለት አስር መሆኑን ልጁ በምን ያውቃል? ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ አብራችሁ ጥሩት፦ ሃያ ሁለት አስር፣ ሠላሳ ሶስት አስር፣ አርባ አራት አስር፣ ሃምሳ አምስት አስር፣ ስልሳ ስድስት አስር፣ ሰባ ሰባት አስር፣ ሰማንያ ስምንት አስር፣ ዘጠና ዘጠኝ አስር። እስሮቹን አንድ በአንድ እያስቀመጣችሁ እንጂ በባዶ እንዳይሆን። በባዶ ከሆነ ሌላ ሽምደዳ ነው።

ደረጃ 3፦ ቤቶቹን ሥሩ

አንድ ነጭ ወረቀት በቁመት መሃሉን አስምሩ። በስተቀኝ ያለው አንድ ቤት ነው፤ በስተግራ ያለው አስር ቤት። ከላይ «1» እና «10» ብላችሁ አትጻፉ፤ ልጁ ከሚጽፋቸው ቁጥሮች ጋር ይምታታበታል። በአንድ ቤት አናት ላይ አንድ እንጨት፣ በአስር ቤት አናት ላይ የታሰረ እንጨት ሳሉ።

የቤቱ ሕግ፦ አንድ ቤት ውስጥ ከዘጠኝ በላይ አይታደርም። አስረኛው ከመጣ አስሩም ታስረው ወደ ግራ ይሻገራሉ።

ከዚያ ጨዋታ ነው። ዳይሱን ወርውሩ፣ የወጣውን ያህል ስቲኪኒ አንድ ቤት ውስጥ ጨምሩ፣ አስር ከሞላ እሰሩና አሻግሩ። ቀድሞ አምስት እስር የሞላ አሸነፈ። ለምሳሌ ልጁ አንድ ቤት ውስጥ 8 አለው፤ ዳይሱ 5 ወጣ። 13 ሆነ። አስሩን አሰረ፣ አሻገረ፣ 3 ቀረው። ትምህርት ቤት በኋላ «አንድ ይዘህ» የሚሉት መደመር ይኸው ነው። ልጁ ስሙን ሳይሰማ ሠራው።

እዚህ ጨዋታ ላይ የሚሰማ አንድ ስህተት አለ፤ እኔ በጣም ነው የምወደው። አንዲት ልጅ ሁለት እስርና ዘጠኝ ነጠላ ነበራት። አንድ ጨመረች። «ሃያ ዘጠኝ… ሃያ አስር!» አለች፣ ደስ ብሏት። እናቷ «ኧረ ሠላሳ!» ልትል ስትል በዓይን ያዝኳት። ልጅቷ ወረቀቱን አየች። ሁለት እስር፣ አስር ነጠላ። ያለችው ልክ ነው፤ ሃያና አስር ነው። «እሺ፣ አንድ ቤት ውስጥ ስንት አለ?» አልኳት። «አስር… ውይ፣ ይታሰራል!» አሰረች። ቆጠረች። «ሠላሳ ሆነ!» «ሃያ አስር» ስትሰሙ ወረቀቱን አሳዩ እንጂ መልሱን አትንገሩ። ልጁ ከእናንተ አፍ የሰማው ሠላሳ ነገ ይረሳል።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን ከሥር ጻፉ

እስካሁን ምንም አልጻፍንም፤ ሆን ብለን ነው። አሁን በየቤቱ ሥር ስንት እንዳለ ይጻፍ። አስር ቤት ሦስት እስር ካለ 3፣ አንድ ቤት አራት ነጠላ ካለ 4። አንድ ላይ ሲነበብ 34።

ቀጥሎ አራቱን ነጠላ አንሱና «አሁንስ?» በሉት። ብዙ ልጅ 3 ብቻ ጽፎ አንድ ቤትን ባዶ ይተወዋል። ተዉት። ከዚያ 3ቱን በሌላ ወረቀት ላይ፣ ያለ መስመርና ያለ ቤት፣ ለብቻው ጻፉና «ይሄ ስንት ነው?» በሉት። «ሶስት» ይላል። «እኛ ግን ሶስት ነው ያለን?» ክምሩን ያያል። ዜሮ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ «አንድ ቤት ውስጥ ማንም የለም» ብሎ የሚናገር ቁጥር። እሱ ከሌለ 3ቱ ወደ አንድ ቤት ይገባል።

«ዜሮ ዋጋ የለውም» አትበሉት። ቤቱን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ደረጃ 5፦ ተደራራቢ ካርዶች

ይሄን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ካርቶን ቁረጡ። የአንድ ቤት ካርዶች 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር ይሁኑና ከ1 እስከ 9 ጻፉባቸው። የአስር ቤት ካርዶች ደግሞ ርዝመታቸው 10፣ ቁመታቸው 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ 10፣ 20፣ 30 እያላችሁ እስከ 90። እያንዳንዱ አኃዝ የራሱ 5 ሴንቲ ሜትር ካሬ መሃል ላይ ይውደቅ። መቶ ቤት ስትደርሱ የሚያስፈልጓችሁ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ካርዶችም አብረው ይቆረጡ፤ ከ100 እስከ 900።

አሁን 30ን አስቀምጡ። በላዩ ላይ 4ን፣ የቀኝ ጠርዛቸው እኩል ሆኖ። 4ቱ ዜሮውን ይሸፍናል፤ የሚነበበው 34 ነው። 4ቱን ሲያነሱት 30 ከሥር ብቅ ይላል። ልጆች ይሄን መግለጥና መሸፈን አይሰለቻቸውም። «34 ላይ ያለው 3 ስንት ነው?» ካላችሁት አሁን ይገልጥና «ሠላሳ» ይላል። ገና መጀመሪያ ላይ የጠፋችው መልስ ይቺ ናት።

በየጊዜው ካርዱና ስቲኪኒው አብረው ይሁኑ። ካርዱ 52 ካለ አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ይቀመጥ፤ ስቲኪኒው ሰባት እስር ካለ 70 ይወጣ። ከዕቃው የተለየ ካርድ ከሰንጠረዡ አይሻልም።

ደረጃ 6፦ ገልብጣችሁ ጠይቁ

16 ስቲኪኒ ሳይታሰሩ ዘርጉ። 16 ብላችሁ ጻፉ። በ6ቱ ላይ ጣታችሁን አድርጉና «ይሄ የትኞቹ ናቸው? አሳየኝ» በሉት። ስድስት ስቲኪኒ ለይቶ ያሳያል። ቀጥሎ በ1ዱ ላይ። «ይሄስ?» አንድ ስቲኪኒ ብቻ ካነሳ ቆም በሉ። ዘጠኙ የማንም አልሆኑም። «እነዚህስ የማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁና ጠብቁ። ራሱ ካላገኘው ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ቅጣት አይምሰለው፤ የማሰር ጨዋታውን ገና አልጠገበም ማለት ነው።

አስሩንም ካሳየ እለፉ። ቀጥሎ 25 እና 52ን በስቲኪኒ ይሥራ፤ «በየትኛው ብዙ ስቲኪኒ አለ?» ከዚያ 19 እና 21። 9 ትልቅ ስለሆነ 19 ይበልጣል የሚል ልጅ አለ። በቃል አትከራከሩት። ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣቸውና ክምሩን ይይ።

ደረጃ 7፦ እስሩን ፍቱ

ማሰር ብቻ የለመደ ልጅ መቀነስ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ጨዋታውን አዙሩት። እያንዳንዱ ተጫዋች አራት እስር ይዞ ይጀምር። ዳይሱ የወጣውን ያህል ከአንድ ቤት ይከፍላል። ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ።

በመጀመሪያው ውርወራ ችግር ይመጣል። አንድ ቤት ባዶ ነው፤ ከየት ይክፈል? አንድ እስር ከአስር ቤት ያመጣል፣ ይፈታል፣ አስር ነጠላ ያገኛል። 40 የነበረው ሶስት እስርና አስር ነጠላ ሆነ። «አሁን ያለህ ስንት ነው?» በሉት። ያለማመንታት «አርባ» ካለ በጣም ጥሩ ነው። «አልጨመርክም፣ አልቀነስክም፤ ፈታህ ብቻ» በሉት።

32 ስጡትና «በስንት ዓይነት ልታስቀምጠው ትችላለህ?» በሉት። ሦስት እስርና 2፤ ሁለት እስርና 12፤ አንድ እስርና 22፤ ወይ ሁሉም ነጠላ፣ 32። ይሄን የቻለ ልጅ 32 ሲቀነስ 5 ላይ «መበደር» ሲባል አይደናገጥም። ከሁለት አምስት ስለማይወጣ አንዱን እስር ይፈታል፣ ከ12 አምስት ያነሳል፣ ሁለት እስርና 7 ይቀረዋል። 27።

ደረጃ 8፦ መቶ ቤት

አስር እስር ሲሞላ ፌስታል ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ ሦስተኛ ቤት ያገኛል፤ ከአስር ቤት በስተግራ። ሕጉ አልተለወጠም፦ የትኛውም ቤት ከዘጠኝ በላይ አይዝም።

ፌስታሉን ከፍቶ እስሮቹን ይቁጠር፤ አስር። አንዱን እስር ፈቶ ይቁጠር፤ አስር። ከዚያ በአስር በአስር እስከ መቶ ይጥራ። ሦስቱንም ያድርግ።

እዚህ ላይ ብዙ የምትቆዩት 105፣ 115 እና 150 ላይ ይሁን። ሦስቱንም በየተራ ይሥራቸው፣ በካርድ ያውጣቸው፣ ጽፎም ጎን ለጎን ይያቸው። 347ን ካነበበ ልጅ ይልቅ 307ን በትክክል የጻፈ ልጅ የበለጠ ገብቶታል።

ደረጃ 9፦ ብር

ብር ለምን መጨረሻ ሆነ? ባለ 10 ብር ኖት ውስጥ አስር ነገር ስለማይታይ ነው። አንድ ወረቀት ነው። ልጁ አስሩን በዓይነ ሕሊናው ማየት ከቻለ በኋላ ግን ግሩም መለማመጃ ነው፤ ሱቅ ተልኮ ሲመለስም ይጠቅመዋል።

የሚጫወቱት በባለ 1 ሳንቲም፣ በባለ 10 እና በባለ 100 ብቻ ነው። ባለ 5፣ ባለ 50 እና ባለ 200 ኖቶች ይቀመጡ፤ አስር በአስር የሚለውን ሕግ አይከተሉም። አንዳችሁ ባንክ ሁኑ። ልጁ አስር ሳንቲም ሲሞላ ለባንኩ ሰጥቶ ባለ 10 ይቀበላል። መዘርዘርም እንዲሁ፤ «ዘርዝርልኝ» የሚለውን ቃል ልጆች ከሱቅ ያውቁታል፣ ከእስር መፍታት ጋር ወዲያው ያያይዙታል። እውነተኛ ብር ካልበቃ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሥሩ።

ደረጃ 10፦ ወደ ደብተሩ

ከስቲኪኒ ወደ ቁጥር አንድ ጊዜ አይዘለልም። መሃል ላይ ሥዕል አለ፦ ለእስር ቀጥ ያለ መስመር፣ ለነጠላ ነጥብ፣ ለመቶ ካሬ። 34 ማለት ሦስት መስመርና አራት ነጥብ። በሥዕሉ ከደመረ በኋላ በቁጥር ይደምር። ባለ ካሬው ደብተር ላይ በአንድ ካሬ አንድ አኃዝ ብቻ ይጻፍ፤ አንድ ቤት ከአንድ ቤት ሥር፣ አስር ቤት ከአስር ቤት ሥር። ስቲኪኒው ለጊዜው ጠረጴዛው ዳር ይቀመጥ። ሲጨንቀው ይጠቀምበት። የማያስፈልገው ሲሆን ራሱ ይተወዋል።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

*«መቶ አምስት» ሲባል 1005 ይጽፋል።* የሰማውን ነው የጻፈው፤ መቶ፣ ከዚያ አምስት። 407 ሲባል 47 ብሎ የሚጽፍም አለ። በካርድ አሳዩት፤ 100ን አስቀምጡ፣ 5ን በላዩ ደርቡ። ልጁ የግዕዝ ቁጥር እየተማረ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይደናገራል፤ መቶ የራሱ ምልክት ስላለው እዚያ ፻፭ ብሎ መጻፍ ልክ ነው፣ ዜሮም አያስፈልገውም። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አታስተምሩ።

*27 ሲደመር 15፣ 312።* ሰባትና አምስት 12፣ ሁለትና አንድ 3፣ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጣቸው። አንድ ቤት ውስጥ 12 አሳደረ ማለት ነው። «የቤቱ ሕግ ምን ነበር?» ይበቃዋል። ሕጉን ካላወቀ ደረጃ 3።

*12ን 21 ብሎ መጻፍ።* አንዳንዴ የመጻፍ ልማድ ነው፤ አንዳንዴ ያልገባው ነው። ለመለየት «የጻፍከውን በስቲኪኒ አሳየኝ» በሉት። አንድ እስርና ሁለት ነጠላ ካወጣ ገብቶታል፤ እጁ ነው የተሳሳተው። ሁለት እስር ካወጣ የትኛው ቤት የትኛው እንደሆነ አልያዘም።

*234 ውስጥ ስንት አስር አለ?* «3» የሚለው መልስ ግማሽ ነው። አስር ቤት ላይ የተጻፈው 3 ነው። ፌስታሎቹ ከተከፈቱ ግን 23 እስር አለ። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው፤ ስትጠይቁ ለዩት። ትልልቆችም እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

የወላጆች ስህተት ደግሞ አለ። የመጀመሪያው መቸኮል ነው፤ ጎረቤት ልጅ ሺህ ቤት ደረሰ ብሎ መቶውን መዝለል። ሁለተኛው፣ ልጁ ሲሳሳት ብቻ መጠየቅ። ልክ ሲሆንም «እንዴት አወቅህ?» በሉት። በግምት ያገኘው ያኔ ይታወቃል። ሦስተኛው፣ በአስር ሲባዛ «ዜሮ ጨምር» ማለት። ለጊዜው ይሠራል። በኋላ ነጥብ ያለው ቁጥር ሲመጣ 2.5ን 2.50 ያደርጋል። «ሁሉም ወደ ግራ አንድ ቤት ተሻገሩ» ብትሉት ሁልጊዜም ይሠራል።

ውጭ ላላችሁ

ልጃችሁ በትምህርት ቤት የሚቆጥርበት ቋንቋ ጣጣ አለው። በእንግሊዝኛ «ፎርቲን» ሲባል አራቱ ቀድሞ ይሰማል፤ «ፎርቲ» ከሚለው ጋርም ይመሳሰላል። በዕብራይስጥ ከ11 እስከ 19 ነጠላው ይቀድማል። በጀርመንኛና በዐረብኛ ደግሞ 21 ራሱ «አንድና ሃያ» ነው የሚባለው፤ ልጁ የሰማውን ተከትሎ 12 ቢጽፍ አትገረሙ። እቤት ስቲኪኒውን ስታስሩ በአማርኛ ቁጠሩ፤ «አስራ አራት» ላይ አስሩ ቀድሞ ይሰማል፣ «ሃያ አንድ» ላይም ሃያው ይቀድማል። ቀጥሎ ያንኑ ክምር በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ይጥራው። በየትኛውም ቋንቋ ቁጥር ሲነገረው መጀመሪያ እስሮቹን ያንሳ፣ ቀጥሎ ነጠላዎቹን፤ እርሳስ የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ በሳንቲም አትጀምሩ። ዳይም አስር ፔኒ ነው፣ መጠኑ ግን ከፔኒም ያንሳል፤ ለልጅ ግራ ነው። የ1፣ የ10 እና የ100 ዶላር ኖት በወረቀት ቆርጣችሁ ሥሩ።